በመቲ ቤት ለሚከራይ የመንግሥት ሠራተኛ፡ የኪራይ ሕጉና አሠራሩ

ወደ ዞን ከተማ ተመድቦ የሚሄድ የመንግሥት ሠራተኛ የምደባ ደብዳቤውን ለሰው ሀብት አስተዳደር ካስረከበ በኋላ በቅድሚያ የሚያሳስበው ጉዳይ ማደሪያ ማግኘት ነው። በጋምቤላ ሕዝቦች ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት የመዠንግር ብሔረሰብ ዞን መቀመጫ በሆነችው መቲ ከተማም ሁኔታው ከዚህ የተለየ አይደለም። ሠራተኛው ቀኑን በአንድ አነስተኛ ሆቴል አልጋ ይዞ ያሳልፋል፤ ማታ ማታ ከሥራ ባልደረባ ወይም ከደላላ ጋር እየዞረ ክፍል ይጠይቃል፤ ባገኘም ጊዜ ብዙውን ጊዜ በቃል ተስማምቶ ይገባል። በመጋቢት 2016 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ ግን ይህ የቃል ስምምነት ለተከራዩም ሆነ ለአከራዩ የሚያስከትለው ጉዳት ከፍ ብሏል። ይህ ጽሑፍ ሠራተኞችና የሥራ ኃላፊዎች ስለ ጉዳዩ ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦችን ያቀርባል።

ከተማዋና የቤት ፍላጎቷ

የመዠንግር ብሔረሰብ ዞን ጎደሬና መንገሺ የተባሉ ሁለት ወረዳዎችን የያዘ ሲሆን መቲ የዞኑም የጎደሬ ወረዳም መቀመጫ ናት። በዚህም ምክንያት የዞን መምሪያዎች፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች፣ የከተማው አስተዳደር፣ ፍርድ ቤትና ፖሊስ፣ የጤናና የትምህርት ተቋማት በአንዲት አነስተኛ ከተማ ውስጥ ተሰባስበው ይገኛሉ። የሁለት የአስተዳደር እርከኖች ሠራተኛ የሚከራየው ከዚያው ከአንዱ የቤት ክምችት ነው።

ከዚህ ሌላ መቲ የቡና ከተማ ናት። አካባቢው በተፈጥሮ ደን፣ በቡናና በማር ምርት የታወቀ ሲሆን የመዠንግር ደን እ.ኤ.አ. በ2017 በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) በባዮስፌር ሪዘርቭነት ተመዝግቧል። ቡና በሚለቀምበትና በሚገዛበት ወቅት ነጋዴው፣ ሹፌሩና የቀን ሠራተኛው ወደ እንዲህ ዓይነት ከተሞች ስለሚገባ ለአንድ ክፍል የሚወዳደረው ሰው ቁጥር ይጨምራል። የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዝ በየወሩ አንድ ዓይነት ሲሆን የሚወዳደረው ግን ገቢው ከወቅቱ ጋር ከፍ ከሚል ነጋዴ ጋር ነው። ወርኃዊ ኪራዩን የሚጨምረው አከራይ ክፋት ኖሮበት ላይሆን ይችላል፤ የተሻለ የሚከፍል ሰው በሩ ላይ ቆሞ ስለሚያይ ነው።

በአዲስ አበባ «አፓርታማ» ወይም «ኮንዶሚኒየም» ተከራየ የሚባለው ነገር በመቲና በመሰሎቿ ከተሞች ሌላ መልክ አለው። በአነስተኛ ከተሞች ለኪራይ የሚቀርበው በአብዛኛው በባለቤቱ ግቢ ውስጥ በረድፍ የተሠራ፣ ግድግዳው ከእንጨትና ከጭቃ፣ ጣሪያው ከቆርቆሮ የሆነ ሰርቢስ ክፍል ነው። መጸዳጃ ቤቱና ውኃው የጋራ፣ የመብራት ቆጣሪውም አንድ ብቻ ይሆናል። አከራይና ተከራይ በአንድ ግቢ የሚኖሩ በመሆናቸው የኪራይ ግንኙነቱ የጉርብትናም ግንኙነት ነው። ቡና አብሮ ጠጥቶ ማግስቱን የጽሑፍ ውል እንፈራረም ማለት ለብዙዎች እንደ አለመተማመን የሚቆጠረውም ከዚህ የተነሳ ነው።

ሕጉ የመጣበት መንገድ

በአገራችን የቤት ኪራይ ሕግ ሦስት ደረጃዎችን አልፏል ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ሕጉ ስለማይንቀሳቀስ ንብረት ኪራይ በአጠቃላይ፣ ስለ ቤት ኪራይም ለይቶ የደነገገ ሲሆን የኪራዩን መጠን ለተዋዋዮቹ ነጻ ስምምነት ይተወዋል።

ሁለተኛው ደረጃ ሐምሌ 19 ቀን 1967 የታወጀው የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ለማድረግ የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። በዚህ አዋጅ ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ሆኑ፤ ኪራያቸው በወር እስከ 100 ብር የነበሩት በከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ማለትም በቀበሌዎች፣ ከዚያ በላይ የነበሩት በማዕከላዊ መንግሥት ተቋም እንዲተዳደሩ ተደረገ። ዛሬ በዋናነት በአዲስ አበባ የመንግሥት ቤቶችን የሚያስተዳድረው፣ በ2009 የተቋቋመው የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን የዚያ ተቋም ወራሽ ነው። ኪራዩ ለአሥርት ዓመታት ሳይለወጥ የቆየበት የቀበሌ ቤት ዝቅተኛ ገቢ ያለውን ነዋሪ ከጎዳና እንዳዳነ መካድ አይቻልም። በአንጻሩ ከኪራዩ የሚገኘው ገንዘብ ቆርቆሮ ለመለወጥ እንኳ ስላልበቃ ቤቶቹ እያረጁ ሄደዋል። ግለሰቦች ለኪራይ የሚሆን ቤት እንዳይሠሩ በመደረጉም የከተሞች ሕዝብ ሲያድግ የኪራይ ቤት አብሮ አላደገም። የዛሬው እጥረት አንዱ ሥር እዚያ ነው።

ሦስተኛው ደረጃ ቀስ በቀስ የመጣ ነው። ከ1983 በኋላ ግለሰቦች ቤት ማከራየት ተስፋፋ፤ ግንኙነቱም ወደ ፍትሐ ብሔር ሕጉ ነጻ ስምምነት ተመለሰ። የዋጋ ንረቱ ሲያይል የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በግንቦት 2013 ለሦስት ወራት የሚጸና የኪራይ ጭማሪና ተከራይን የማስወጣት እገዳ ጣለ፤ እገዳውንም አራዝሟል። በየጊዜው በሚራዘም እገዳ ገበያን መምራት ስለማይቻል በ2016 በፌዴራል ደረጃ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ወጣ።

አዋጁ ምን ይላል

የአዋጁ ማዕከላዊ ሐሳብ ኪራይ በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ የሚል ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ተደርጎ በ30 ቀናት ውስጥ ለተቆጣጣሪው አካል ቀርቦ መረጋገጥና መመዝገብ ይኖርበታል። በአዲስ አበባ ይህ ምዝገባ በ2016 የበጀት ዓመት መጨረሻ በወረዳ ደረጃ ተጀምሯል።

ከዚህ በመቀጠል የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት ማነስ እንደሌለበት በመርህ ደረጃ ተደንግጓል። አከራዩ በዚህ ጊዜ ውስጥ በራሱ ፈቃድ ኪራይ መጨመርም ሆነ ተከራዩን ያለ ሕጋዊ ምክንያት ማስወጣት አይችልም። የኪራይ ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል አጥንቶ ይፋ በሚያደርገው መጠን ብቻ የሚፈጸም ነው። በቅድሚያ የሚጠየቀው ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ ሊበልጥ አይችልም። ክፍያው በባንክ ወይም ሕጋዊ እውቅና ባለው የኤሌክትሮኒክ የክፍያ ዘዴ እንዲፈጸም ታዟል።

የመጨረሻው ድንጋጌ እንደ ቀላል የሚታይ ቢሆንም የአዋጁ ዋነኛ ጉልበት ያለው እዚህ ላይ ነው። በባንክ የተላለፈ ገንዘብ ለተከራዩ ደረሰኝ ነው፤ ለገቢዎች መሥሪያ ቤት ደግሞ የአከራዩን ገቢ የሚያሳይ ማስረጃ ነው። የቤት ኪራይ ገቢ በፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በሠንጠረዥ «ለ» ግብር የሚከፈልበት በመሆኑ አንዳንድ አከራዮች በውሉ ላይ ዝቅተኛ መጠን ተጽፎ ቀሪው በእጅ እንዲሰጣቸው ይጠይቃሉ። ተከራዩ በዚህ ከተስማማ ያለ ደረሰኝ የሰጠውን ገንዘብ ኋላ ላይ መጠየቅ ይቸግረዋል፤ ሐሰተኛ መጠን በሰፈረበት ሰነድ ላይም ፊርማውን አኑሯል። የመንግሥት ሠራተኛ ሲሆን ደግሞ ነገሩ የሥነ ምግባርም ጥያቄ ይሆናል።

አዋጁ የት ይሠራል

የፌዴራሉ አዋጅ በመላ አገሪቱ ከተሞች ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚፈጸም ሆኖ አልተቀረጸም። ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ ተፈጻሚነቱ ክልሎች እንደየሁኔታው በሚወስኗቸው ከተሞች ነው። ስለሆነም ወደ መቲ የተመደበ ሠራተኛ በቅድሚያ ለከተማው አስተዳደር ወይም ለሚመለከተው የከተማ ልማት መዋቅር ሊያቀርብ የሚገባው ጥያቄ «ከተማዋ በክልሉ ውሳኔ ውስጥ ተካታለች ወይ? ውል የሚመዘግበውስ የትኛው ክፍል ነው?» የሚል ነው። መልሱን በቃል ተቀብሎ መሄድ ሳይሆን ውሳኔው የተላለፈበትን ደብዳቤ ወይም መመሪያ ማየት ይመከራል።

ሥልጣኑ የማን ነው የሚለው ጥያቄ በሌሎች ፌዴራላዊ አገሮችም ያከራከረ ነው። የጀርመን ዋና ከተማ በርሊን እ.ኤ.አ. በ2020 በራሷ ሕግ የኪራይ ጣሪያ ብትጥልም የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በሚያዝያ ወር 2021 ሕጉን ሽሮታል፤ ምክንያቱም ፌዴራሉ መንግሥት የኪራይን ጉዳይ አስቀድሞ በራሱ ሕግ ስለሸፈነው የበርሊን ምክር ቤት ሕግ የማውጣት ሥልጣን አልነበረውም የሚል ነበር። ብዙ ተከራዮችም በሕጉ ምክንያት ሳይከፍሉ የቀሩትን ልዩነት እንዲከፍሉ ተጠይቀዋል። በእኛ አገር ማዕቀፉን ፌዴራሉ መንግሥት አውጥቶ የከተሞቹን ምርጫ ለክልሎች መስጠቱ ይህን ዓይነት ግጭት ያስቀራል፤ ነገር ግን ውሳኔ ያልተሰጠባት ከተማ ተከራይ በአዲስ አበባ ያለው ባልደረባው የሚያገኘውን ጥበቃ አያገኝም።

አዋጁ በማይፈጸምበት ከተማ ተከራዩ ያለ ሕግ ይቀራል ማለት አይደለም፤ የሚገዛው የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው። በዚህ ሕግ የቤት ኪራይ ውል በቃልም ሊመሠረት ይችላል፤ ሆኖም ዘመኑ ያልተወሰነ ኪራይ ማንኛውም ወገን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሊያቋርጠው የሚችል በመሆኑ በቃል የገባ ተከራይ የሚቆይበት ጊዜ በአከራዩ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ይሆናል። የኪራይ ጭማሪም ጣሪያ የለውም። በጽሑፍ «ለሁለት ዓመት፣ በወር ይህን ያህል» ተብሎ ከተዋዋሉ ግን በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ መካከል ሕግ ስለሆነ አከራዩ በመካከል ልጨምር ወይም ልቀቅ ቢል የወረዳው ፍርድ ቤት ውሉን ያስፈጽማል። እንግዲህ አዋጁ በግድ የሚሰጠውን ጥበቃ የመቲ ሠራተኛ በስምምነት ሊያገኘው ይችላል፤ የሚያስፈልገው አንድ ገጽ ወረቀትና ሁለት ምስክሮች ናቸው።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ከዓመታት በፊት በአንድ የዞን ከተማ ለሥራ በቆየበት ጊዜ አንዲት ክፍል በቃል ተከራይቶ የሦስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ከፍሎ ነበር። አከራይዋ እናት ደግ ሴት ነበሩ። በሁለተኛው ወር ልጃቸው ሚስት አግብቶ ሲመጣ ክፍሏ ተፈለገችና በአራት ቀን እንድለቅ በትሕትና ነገሩኝ። የቀረውን ገንዘብ ስጠይቅ የተከፈለው የሁለት ወር ነው አሉ፤ እንዳልዋሹኝ እስከ ዛሬ አምናለሁ፤ ረስተውት ነው። ደረሰኝ አልነበረኝም። ነገሩ በጎረቤት ሽምግልና ግማሽ ግማሽ ተብሎ አለቀ። ወረቀት ቢኖር ኖሮ እሳቸውም በጎረቤት ፊት ባላፈሩ ነበር።

ደመወዝና ኪራይ

ለኪራይ ምን ያህል መክፈል ይቻላል ለሚለው ጥያቄ በዓለም አቀፍ ደረጃ በስፋት የሚሠራበት ልክ የመኖሪያ ወጪ ከቤተሰቡ ገቢ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ የሚል ነው። ይህን ልክ ከመስከረም 2018 ጀምሮ ተግባራዊ እንዲሆን በፌዴራል መንግሥት ከተወሰነው የደመወዝ ስኬል ጋር ማስላት ይጠቅማል። በስኬሉ ዝቅተኛው ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ ሠራተኛ ደመወዝ ደግሞ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል።

ስሌቱ መሠራት ያለበት በእጅ በሚገባው ገንዘብ ላይ ነው። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ እስከ 2,000 ብር ያለው ወርኃዊ ደመወዝ ከግብር ነጻ ሲሆን ከዚያ በላይ ያለው እንደየደረጃው ከ15 እስከ 35 በመቶ ይከፈልበታል። በዚህ መሠረት 11,500 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ 2,100 ብር ግብርና በ7 በመቶ ስሌት 805 ብር የጡረታ መዋጮ ተቀንሶ 8,595 ብር ይደርሰዋል፤ የዚህ 30 በመቶ ወደ 2,580 ብር ገደማ ነው። የ6,000 ብር ደመወዝተኛ 700 ብር ግብርና 420 ብር ጡረታ ተቀንሶ 4,880 ብር ሲያገኝ ለኪራይ ሊያውለው የሚችለው ከ1,465 ብር አይበልጥም።

እነዚህ ቁጥሮች ብቻውን ለሚኖር ሰው ናቸው። ቤተሰቡን በሌላ ከተማ ትቶ የተመደበ ሠራተኛ ሁለት ኪራይ እንደሚከፍል፣ ለመንገድም ብዙ እንደሚያወጣ መዘንጋት አይገባም። ሁለት ወይም ሦስት ወንደላጤዎች አንድ ሁለት ክፍል ያለው ቤት በጋራ መከራየታቸው በዞን ከተሞች የተለመደ መፍትሔ ሲሆን የሁሉም ስም በውሉ ላይ ካልሰፈረ ግን አንዱ ተዛውሮ በሄደ ጊዜ ቀሪዎቹ ከአከራዩ ጋር አዲስ ድርድር ውስጥ ይገባሉ።

ቤት ሲፈለግና ሲታይ

በአነስተኛ ከተማ ጥሩው ክፍል ወደ ደላላ ሳይደርስ ይያዛል። ከመሥሪያ ቤቱ ወደ ሌላ ቦታ የሚዛወር ሠራተኛ የሚለቀው ቤት ለሚተካው ሰው ቢተላለፍ ሁሉንም ወገን ይጠቅማል፤ የሰው ሀብት አስተዳደር ክፍሎች የዝውውር ደብዳቤ ሲጽፉ ይህን ብቻ ቢያስታውሱ ወጪ የሌለው አገልግሎት በሰጡ ነበር። በደላላ በኩል ለሚፈልግ ሰው ኮሚሽኑ ስንት እንደሆነና ማን እንደሚከፍለው ቤቱን ከማየት በፊት መነጋገር ይበጃል።

መቲ ያለችበት ደቡብ ምዕራብ የአገሪቱ ክፍል ዝናብ አብዝቶ የሚያገኝ ነው። ክፍል በጠራራ ፀሐይ ሲታይ የሚያፈስ ጣሪያ አይታወቅም። ስለዚህ ኮርኒስ ካለ በኮርኒሱ ላይ፣ ከሌለም በግድግዳው አናት ላይ የውኃ መውረጃ ምልክት መኖሩን ማየት፣ የጭቃው ግድግዳ ከመሬት ጋር በሚገናኝበት ቦታ እርጥበት መኖሩን በእጅ መዳሰስ ያስፈልጋል። የወለሉ ከፍታ ከግቢው በታች ከሆነ ክረምቱ ወደ ውስጥ ይገባል። አካባቢው የወባ ስጋት ያለበት በመሆኑም የመስኮት ወንፊት መኖሩ፣ አጎበር የሚሰቀልበት ቦታ መገኘቱ፣ በግቢው አጠገብ ውኃ የሚያቁር ጉድጓድ አለመኖሩ ከቀለሙ ውበት ይልቅ ሊታይ የሚገባው ነው። የመጸዳጃ ቤቱን ርቀትና የተጠቃሚውን ቁጥር ሳይጠይቁ የገቡ ሰዎች በመጀመሪያው ሳምንት ይጸጸታሉ።

ጥገናን በሚመለከት የፍትሐ ብሔር ሕጉ አቀራረብ ቀላል ነው። በተከራዩ አጠቃቀም የሚበላሹ ጥቃቅን ነገሮች የተከራዩ ዕዳ ሲሆኑ በእርጅና ወይም ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት የደረሰ ጉዳት በእሱ ላይ አይወድቅም። ንፋስ የገነጠለው ቆርቆሮ የአከራዩ ነው ማለት ነው። በተግባር ግን ተከራዩ ዝናቡ ስለማይጠብቅለት በራሱ ገንዘብ ያሠራና ከኪራይ እንዲቀነስለት ይጠይቃል፤ ይህን ማድረግ የሚችልበት ሁኔታ በውሉ ውስጥ አንድ መስመር ቢያዝለት ጭቅጭቅ አይኖርም።

በውሉ ላይ የሚሰፍረው

ውሉ ረጅም መሆን አያስፈልገውም። የአከራዩና የተከራዩ ሙሉ ስምና የመታወቂያ ቁጥር፣ ቤቱ የሚገኝበት ቀበሌና የክፍሎቹ ብዛት፣ የውሉ መነሻና መድረሻ ቀን፣ ወርኃዊው ኪራይ በአኃዝና በፊደል፣ በቅድሚያ የተከፈለው ገንዘብ መጠንና የስንት ወር መሆኑ፣ ክፍያው የሚገባበት የባንክ ሒሳብ ከሰፈሩ በቂ ነው። የአከራዩን ባለቤትነት ማጣራትም ተገቢ ነው፤ ቤቱ የጋብቻ የጋራ ንብረት ከሆነ የባልም የሚስትም ፊርማ ቢኖርበት፣ ያልተከፋፈለ ውርስ ከሆነ ደግሞ የወራሾቹ ስምምነት ቢታይ ኋላ ላይ «እኔ አላከራየሁም» የሚል ሰው አይመጣም። ለመንግሥት ሠራተኛ በተለይ የሚጠቅመው ድንጋጌ የዝውውር ጉዳይ ነው፤ ተከራዩ በመሥሪያ ቤቱ ውሳኔ ወደ ሌላ ቦታ ቢዛወር የስንት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ እንደሚወጣና በቅድሚያ ከከፈለው ውስጥ ያልተኖረበት እንደሚመለስለት አስቀድሞ ቢጻፍ መልካም ነው።

የመብራት ቆጣሪ የጋራ በሆነበት ግቢ ሒሳቡ የሚከፋፈልበት መንገድ፣ በክፍል ብዛት ይሁን በሰው ብዛት ወይም በምጣድና በምድጃ አጠቃቀም፣ አብሮ ቢጻፍ ይመረጣል። ተከራዩ በገባበት ቀን ቆጣሪው ላይ ያለውን ንባብ ከአከራዩ ጋር ሆኖ አይቶ በውሉ ግርጌ ያሰፍረዋል፤ ሁለቱም ይፈርሙበታል፤ ቅጂውንም ሁለቱም ይይዛሉ።